እጁን ያላነሳው አባት

የኮንት ኡባልዶ ሬሳ ከመታየቱ በፊት ተሸተተ።

ዳኛ ቪታሌ የግንቡን የውስጥ በር ሊያልፍ ሲል ቆመ። መሐረቡን ከእጅጌው አወጣ። አፍንጫው ላይ ግን አላደረገውም። ኮምጣጤ አለ። የጥብስ ቅጠል አለ። የተቃጠለ የጥድ ሙጫ አለ። ከእነዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ፣ ጣፋጭና ወፍራም የሆነ ሌላ ሽታ አለ።

"መቼ ሞተ ነው ያሉት?"

"ትናንት ማታ፣ ጌታዬ። ከሴት ልጁ ሠርግ እራት በኋላ።" የፍርድ ቤቱ ወታደር ኖፍሪ አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኗል። "እኔ እንዲህ የሚሸት የትናንት ሬሳ አይቼ አላውቅም። አማቴ እንኳን በሐምሌ ሞታ..."

"በቃ።"

"እሺ፣ በቃኝ።"

ታች ከተማው እስር ቤት ውስጥ ቱቻ የምትባል የግንቡ ወጥ ቤት ሴት ታስራለች። ለኮንቱ የሚቀርበውን ነጭ ገንፎ የምትሠራው እሷ ናት። ቤተሰቡ መርዛዋለች ብሎ ከሷታል። ሌሊት እጆቿን ወደ ኋላ አስረው በገመድ አንጠልጥለዋታል፤ አላመነችም። የከተማው አገረ ገዢ ግን የግንቡን ጌቶች ማስቀየም አይፈልግም። "እስከ ማታ ሌላ ነገር ካላመጣህልኝ ነገ ጠዋት ትሰቀላለች" ብሎታል ቪታሌን።

ቪታሌ የክሬሞና ሰው ነው። የቬንታ ከተማ ዳኛዋን ሁልጊዜ ከሌላ አገር ታመጣለች። በከተማው ዘመድ እንዳይኖረው፣ ከማንም ገበታ ቀርቦ እንዳይበላ በመሐላ ታስረዋለች። ቪታሌ በዚህ መሐላ ብዙ ጊዜ ተማሯል። ዛሬ ግን አመሰገነው።

ወደ ጸሎት ቤቱ የሚወስደው መንገድ በአዳራሹ ውስጥ ያልፋል። የሠርጉ ገበታ አልተነሳም። የረጋ ጮማ፣ የተገመጠ አጥንት፣ የፈሰሰ ወይን። በገበታው ራስ ላይ ጀርባው ረጅም የሆነ የእንጨት ወንበር ቆሟል። ቪታሌ ጎንበስ ብሎ አየው። ጀርባው ላይ ገመድ የፋቀው አዲስ ጭረት አለ። መቀመጫው ላይ እርጥብ ነገር ፈስሶ ደርቋል። ዝንቡ ከጥብሱ ይልቅ እዚያ ይበዛል።

ቀና ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

በጸሎት ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ይጠብቁታል። አንደኛዋ የሟቹ ሚስት ማዶና ጂስላ ናት፤ ረጅም፣ ደረቅ፣ ዓይኗ ያላበጠ። ሁለተኛው የሟቹ ልጅ ራይኔሪ ነው፤ ጢሙ ገና ያልጠነከረ፣ ወይን ወይን የሚሸት። ሦስተኛው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የካቴድራሉ ካህን ዶን አሌሪኮ ነው። ዶን አሌሪኮ ክብ ሰው ነው። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። በዚያ ሙቀት በግራ ክንዱ ላይ የማዕረጉን ምልክት፣ አመድማ የሽኮኮ ለምድ አጣጥፎ ይዟል።

"ቁርስ ካልበላችሁ ከትናንቱ ጥብስ ተርፏል" አለች ማዶና ጂስላ።

ኖፍሪ ሬሳውን አየ፤ ከዚያ ሴትዮዋን አየ።

"መሐላ አለብን፣ እመቤቴ" አለ። "እግዚአብሔር ይመስገን።"

ኮንት ኡባልዶ በድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። የለማኝ መነኮሳትን ሻካራ ቀሚስ ለብሷል። ቆቡ እስከ አገጩ ወርዷል። እጆቹ የቆዳ ጓንት ውስጥ ናቸው። በዙሪያው የጥብስ ቅጠል ተከምሯል። የአገሩ ጌቶች ሞት ሲሸታቸው እንዲህ ያለ ቀሚስ ያጠልቃሉ፤ በድሃ ልብስ ከሄዱ ገሃነም በር ላይ የሚያውቃቸው አይኖርም ብለው ይመስላል።

"ይህን ቀሚስ መቼ ለበሰ?" አለ ቪታሌ።

"ሐሙስ" አለ ዶን አሌሪኮ። ድምፁ ለስላሳ ነው። "ሕመሙ ሲጸናበት ንስሐ ገባ። ፊቱን ለሰው ላለማሳየት፣ ቃል ላለመናገር ተሳለ። ትናንት በሠርጉ ላይ በዚሁ ቀሚስ ተቀመጠ። እኔው ራሴ ገንፎውን አጎረስኩት። ወዲያው መርዙ ያዘው።"

"ሰውስ መቼ አወቀ?"

"እንግዶቹ ሲሰናበቱ ቆቡ ወደ ኋላ ሸሸ። ፊቱ ጠቁሮ፣ አብጦ ታየ።"

"መርዝ ሥጋን ባንድ ሌሊት ያበሰብሳል" አለች ማዶና ጂስላ። "ይሄን የማያውቅ የለም። ሳህኑን የላሰው ውሻም ሞቷል። ግቢ ውስጥ አለላችሁ።"

"ውሻውን አይቼዋለሁ" አለ ኖፍሪ። "አንገቱ ወደ ኋላ ዞሯል። አንገት የሚያዞር መርዝ ካለ እኔም ብማረው ደስ ይለኛል።"

ራይኔሪ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

"ቀሚሱ ይነሳ" አለ ቪታሌ።

"አይቻልም!" ዶን አሌሪኮ አንድ እርምጃ ቀረበ። "የተባረከ ልብስ ነው።"

"አላወልቀውም። ወደ ላይ እሰበስበዋለሁ። ልብሱ በረከቱን እዚያው አንገቱ ላይ ይዞ ይቆያል።"

ቪታሌ ከእግር ጀመረ። እሱ ሁልጊዜ ከእግር ነው የሚጀምረው። ፊት ሰውን ያታልላል፤ እግር ግን አያታልልም ይላል። ቀሚሱን እየሰበሰበ ወደ ላይ ወጣ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ቀለሙ አረንጓዴ ሆኖ ወደ ጥቁር ሄዷል። ጨው ተነስንሶበታል፤ ጨውና ኮምጣጤ። ቆዳው በነካው ቦታ ሁሉ እንደ እርጥብ ወረቀት ይንሸራተታል። ትሎቹ የትናንት ሕፃናት አይደሉም፤ ጠግበው ወፍረዋል።

ቀኝ ጓንቱን ሳበ። ጥፍሮቹ ከጓንቱ ጋር መጡ።

ራይኔሪ ወደ ማዕዘኑ ሮጦ አስመለሰ። እናቱ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች፤ እንዳይነካባት።

"ይህን እጅ ትናንት ሰው ስሞታል?" አለ ቪታሌ።

"ሙሽራውና ሽማግሌዎቹ" አለች። "ጓንቱን ነው የሳሙት።"

ቪታሌና ኖፍሪ ሬሳውን በጎኑ አዞሩት። ደሙ ወርዶ የረጋው ጀርባው ላይ ነው። ጭኑና እግሩ ነጭ ነው። ይህ ሰው ወንበር ላይ አልሞተም። ተኝቶ ሞቷል፤ ከሞተም በኋላ ብዙ ሰዓት በጀርባው ተኝቷል። ደረቱ ላይና የቀኝ አንጓው ላይ የገመድ ፈለግ አለ። ገመዱ ቆዳውን ቀዷል። ከሥሩ ግን ደም አልቋጠረም። ደም የሚቋጥር የሕያው ሰው ሥጋ ነው።

ከዚያ ቆቡን ገለጠ።

አፉ በነጭ ገንፎ ሞልቷል። ሩዝ፣ የዶሮ ሥጋ፣ የለውዝ ወተት። እስከ ጢሙ ተርፎ ፈስሷል። አንዲት ማንኪያ እንኳን አልተዋጠችም። ገንፎው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ።

"ማርያም ድረሽ" አለ ኖፍሪ፤ አማተበ።

ቪታሌ ቀጭን እንጨት አመጣና ገንፎውን ቀስ እያለ ጠረገ። የከንፈሩ ውስጥ በራሱ ጥርስ ተበጥሷል። በፊት ጥርሶቹ መካከል አጫጭር ጸጉሮች ተሰንቅረዋል፤ ሥራቸው ነጭ፣ ጫፋቸው አመድማ። በእንጨቱ ጫፍ አወጣቸውና መሐረቡ ላይ አኖራቸው።

ቀና አለ። ማዶና ጂስላ መስኮቱን ታያለች። ራይኔሪ አፉን ይጠርጋል። ዶን አሌሪኮ መሐረቡን ያያል።

"ኮንቱ ልጁን ለሙሽራው ለኮራዶ እንዴት ዳራት?" አለ ቪታሌ።

"በቤታችን ሥርዓት ነዋ" አለች ማዶና ጂስላ።

"ሥርዓታችሁን አላውቀውም። የክሬሞና ሰው ነኝ።"

ዶን አሌሪኮ ላቡን ጠረገ። "የዚህ ግንብ፣ የሮካቬንታ ጌታ 'ልጄን ሰጥቻለሁ' ብሎ ለውል አዋዋይ መልስ አይሰጥም። ክብራችን አይፈቅድም። ጌታው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ውል አዋዋዩ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ጌታው ቀኝ እጁን ካነሳ እምቢ ብሏል፤ ነገሩ ፈረሰ። ካላነሳ ልጅቱ ተሰጥታለች።"

"ትናንትስ?"

"እጁን አላነሳም።"

"አዎ" አለ ቪታሌ። "ይህንን አምናለሁ።"

* * *

ወደ እስር ቤቱ ሲወርዱ ኖፍሪ ዝም ማለት አልቻለም።

"ገዳዩ ኮራዶ ነው ጌታዬ። የሱና የኮንቱ ቤት ከአባቶቻቸው ጀምሮ ሲተራረዱ ነው የኖሩት። ሠርጉ ለዕርቅ ነው ይበሉ እንጂ..."

"ኮራዶ ልጅቱን ይፈልጋል?"

"ከነጥሎሿ።"

"አባትየው ከቀለበቱ በፊት ቢሞት ምን ይሆናል?"

ኖፍሪ አሰበ። "ዓመት ሙሉ ሐዘን። ሠርግ የለም።"

"ታዲያ ኮራዶ ለምን ይገድለዋል? ትናንት የሬሳ እጅ ስሞ የሄደ ሰው ነው እሱ። አፉን እስካሁን ባለማጠቡ አዝንለታለሁ።"

ቱቻ ገለባ ላይ ተቀምጣለች። ትከሻዎቿ ከቦታቸው ወጥተዋል። ክንዶቿ የሌላ ሰው ይመስል ጎንና ጎኗ ላይ ወድቀዋል። ዳኛውን ስታይ ልትነሳ ሞከረች፤ አልቻለችም።

"አትነሺ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።"

"ምን መርዝ እንደጨመርኩ ከሆነ አላውቅም ጌታዬ። ሌሊቱን ሙሉ ጠየቁኝ። ባውቅ ኖሮ እነግራቸው ነበር፤ እንደዛ ያማል።"

"መርዝ አልጠይቅሽም። የጌታሽ ሳህን እንዴት ይመለስ እንደነበር ንገሪኝ።"

ቱቻ ዓይኗን አጠበበች። ይህን ጥያቄ አልጠበቀችም።

"ሳህኑ? ጌታው መቼ ይበላል! ከታመመ ወዲህ ግማሹን ነው የሚመልሰው። አንዳንዴ ግድግዳ ላይ ይወረውረዋል። ምራቁን ተፍቶበት የሚመልስበትም ቀን አለ፣ ውሾቹ እንዳይበሉት ብሎ። ክፉ ነበር እኮ፤ ነፍሱን ይማረውና።"

"እስከ መጨረሻው?"

"አይ። ሐሙስ ጠዋት ሳህኑ ተልሶ መጣ። ሐሙስ ማታም፣ ዓርብም፣ ቅዳሜም። መጥረግ እንኳን አያስፈልገውም። ዳነ ብዬ ደስ አለኝ። ለሱ ብዬ ሳይሆን፣ ሲድን መወርወሩን ይተወዋል ብዬ። ሻማ ሁሉ አበራሁለት።"

"ሳህኑን ማን ይቀበልሽ ነበር?"

"ዶን አሌሪኮ ናቸዋ። በር ላይ። አጠገቡ ሌላ ሰው አላስጠጉም። ሌት ተቀን ይጸልዩለታል። ቅዳሜ እንደውም 'ቱቻ፣ ለውዙን ጨምሪበት' አሉኝ።"

ኖፍሪ ግድግዳውን ተደገፈ። ፊቱ ገርጥቷል።

"ያንን ገንፎ... እዚያው ክፍል ውስጥ... እዚያ ሽታ መሃል ተቀምጦ በላው..."

"እኔ አልበላሁትም" አለች ቱቻ በፍርሃት። "ምንድን ነው? ምን አደረግኩ?"

"ምንም" አለ ቪታሌ። "አንቺ ምንም አላደረግሽም።"

ይህን ማለት ቀላል ነው። ለአገረ ገዢው ማሳየት ሌላ ነው። የወጥ ቤት ሴት ቃል ከካህን ቃል ጋር አይመዘንም። ጸሐይዋ ደግሞ ከግንቡ በስተጀርባ መውረድ ጀምራለች።

* * *

ራይኔሪን አዳራሹ ውስጥ፣ ከዚያ ወንበር ፊት ለፊት አቆመው።

"ተቀመጥበት" አለው።

"እ?"

"ወንበሩ አሁን ያንተ ነው። የሮካቬንታ ጌታ ነህ። ተቀመጥ።"

ራይኔሪ ወንበሩን አየ። የደረቀውን ፈሳሽ አየ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

"ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ" አለ። "ማሰር ብቻ! ሐሙስ ጠዋት አጎቴ መጥቶ 'አባትህ በእንቅልፉ አርፏል' አለን። እናቴም 'ሠርጉ እሑድ ነው' አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ሠርጉ እሑድ ነው፤ በቃ። አጎቴ ቀሚሱን አመጣ። እሷ ጨውና ኮምጣጤውን አመጣች።"

"ውሻውስ?"

"ውሻውን... እኔ ነኝ።"

"አባትህን ማን ገደለው?"

"ማንም! በሽተኛ ነበር። ሞተ።" ልጁ ማልቀስ ጀመረ። "እኔ ያልኩት ካልታወቀ ማንም አይጎዳም ነው። ወጥ ቤት ሴትዮዋን የከሰሰቻት እናቴ ናት። ቆቡ ሲገለጥ ሰው ሁሉ ጮኸ፤ 'መርዝ ነው' አለች። እኔ ዝም አልኩ።"

"ዝም ማለት በቤታችሁ ትልቅ ሥራ ነው" አለ ቪታሌ።

ማዶና ጂስላ ስትጠራ ቆማ መለሰች።

"ባሌ ሲሞት አላየሁም። ማየትም አልፈለግኩም። ሃያ ዓመት ከሱ ጋር ተኝቻለሁ፤ ከሞተ በኋላ እሱን ማጠብ ከዚያ የሚከብድ መሰለዎት? ሠርጉ ላይ ከወትሮው የተለየ ነገር ያየ ሰው አልነበረም። በሕይወት ሳለም ከማንም ጋር አያወራም፤ ይሸታልም።"

"የክረምት ልብሶቻችሁ የት ናቸው?"

"ምን?"

"ጸጉር ያላቸው ልብሶች። ለምዶች። የአልጋ ልብስ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ ገባት። ወደ ሣጥኖቹ ወሰደችው። ከፋሲካ በኋላ ለምድ ሁሉ አሪቲ ተነስንሶበት፣ ብል እንዳይበላው ክዳኑ በሰም ታሽጎ ይቀመጣል። ቪታሌ ሰሙን አንድ በአንድ አየ። ያልተነካ ነው፤ አቧራ ተኝቶበታል። ክፍሉ ሁሉ አሪቲ አሪቲ ይሸታል። መሐረቡ ውስጥ ያሉት ጸጉሮች ግን አሪቲ አይሸቱም።

በሐምሌ ሙቀት፣ በዚህ ግንብ ውስጥ፣ ከሣጥን ውጪ ያለው ለምድ አንድ ብቻ ነው።

"እንያዘዋ" አለ ኖፍሪ በሹክሹክታ።

"ካህን ነው። እጅህን ካሳረፍክበት ትወገዛለህ። እኔም እወገዛለሁ።"

"ታዲያ ምን ልናደርግ ነው?"

"እናስምለዋለን።"

* * *

ቪታሌ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበ። ሙሽራው ኮራዶ መጣ፤ አንገተ ወፍራም፣ ሁለት ሚስት የቀበረ፣ በቀኝ ጆሮው ምትክ ጠባሳ ያለው ሰው ነው። ሙሽራይቱ አዳላሲያም መጣች። ቀለበቱ ጣቷ ላይ ነው፤ ወደ ባሏ ግንብ ግን ገና አልተወሰደችም። ከእናቷ ርቃ ቆመች። ከኮራዶም ርቃ ቆመች። አገረ ገዢው በር አጠገብ፣ ንፋስ ባለበት ቦታ ተቀመጠ።

"ዶን አሌሪኮ" አለ ቪታሌ፣ "ወንድምዎ ትናንት በሠርጉ ላይ በሕይወት እንደነበር መስክረዋል። ቃልዎ ሴትዮዋን ይሰቅላታል። በወንጌል ላይ ይማሉና እንጨርስ።"

"በደስታ።" እጁን ወደ መጽሐፉ ዘረጋ።

"ይቅርታ። የካቴድራሉ ካህን መሐላ ለምዱን ትከሻው ላይ ካልደረበ አይጸናም። የራሳችሁ ሥርዓት ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።"

የዶን አሌሪኮ እጅ አየር ላይ ቀረ።

"በዚህ ሙቀት?"

"መሐላው አጭር ነው።"

"ክንዴ ላይ ይዤዋለሁ፤ ይበቃል።"

"አይበቃም" አለ አገረ ገዢው ከበሩ። እንደ ሁሉም ሹም ሥርዓት ይወዳል። "ይደርቡት፣ አባቴ። ምን አለበት?"

ዶን አሌሪኮ ዞር ብሎ ሰዎቹን አየ። ማንም አልተነቃነቀም። ቀስ ብሎ ለምዱን ዘረጋ። ለመደረብ ሲያነሳው ጠርዙን በመዳፉ ሊሸፍን ሞከረ፤ ግን ለምድ ሲደረብ ሁለት እጅ ይፈልጋል።

ጠርዙ ላይ የጥርስ ረድፍ የሚያህል ቦታ ጸጉሩ ተነጭቷል። ራቁቱን የቀረው ቆዳ ላይ ቡናማ እድፍ ደርቋል።

ቪታሌ መሐረቡን ከፍቶ ጸጉሮቹን እዚያ ባዶ ቦታ አጠገብ ያዘ። ሥራቸው ነጭ፣ ጫፋቸው አመድማ።

"እነዚህን ከወንድምዎ ጥርስ መካከል ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። እርስዎም ሲያዩኝ ነበር። እርስዎ ባጎረሱት ገንፎ ሥር ነበሩ። ገንፎው አልተዋጠም፤ ምክንያቱም ያጎረሱት አራት ቀን የሞላውን ሬሳ ነው።"



ከዚያ ኮራዶ በእጁ ጀርባ አፉን ጠረገ። ደግሞ ጠረገ። ወይን አንስቶ ተጉመጠመጠና መሬት ላይ ተፋው።

"እጁን ሳምኩት እኮ!" ብሎ ጮኸ። "አንተ ቄስ! 'ይሳሙት፣ ልቡ እንዲለሰልስ' አልከኝ!"

"ለሰላም ነው" አለ ዶን አሌሪኮ። ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነው። "ለሰላም ስል ነው ያደረግኩት። ስንቱን የወንድሜን ሰው፣ ስንቱን የኮራዶን ሰው በእጄ ቀብሬያለሁ። ረቡዕ ማታ ወንድሜ ጠራኝና 'ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እጄን አነሳለሁ' አለኝ። ሳቀ። በሁለት ቤት ሽማግሌ ፊት እጁን ሊያነሳ! እዚሁ አዳራሽ ውስጥ እንተላለቅ ነበር።"

"እና ለምዱን አፉ ላይ አደረጉ።"

"ደካማ ነበር። ብዙም አልቆየም።"

"ሰላሙ ለእርስዎ ምን ያመጣል?"

ካህኑ ላቡን ከአገጩ ጠረገ።

"እኔ ልንገርህ ዳኛ" አለ ኮራዶ። "ሳን ጌኔሲዮ ገዳም አበምኔት የላትም። ገዳሟ በመሬቴ ላይ ናት፤ የምሾመው እኔ ነኝ። ቀለበቱ የታሰረ ዕለት ሹመቱ ያንተ ነው ብዬዋለሁ። የወይን እርሻዋን ስንት ቀን እየዞረ እንዳየ ብታውቅ! ግን እኔ ዕርቅ አምጣ አልኩት እንጂ ሬሳ አጋባኝ አላልኩትም።"

"አጎቴ።" አዳላሲያ ናት። "አባቴ እምቢ ብሎ ነበር?"

"ላንቺ ብሎ መሰለሽ?" አለ ዶን አሌሪኮ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ሻከረ። "ሰው ይወዳል እንዴ እሱ? በአሮጌ ቂም ነው! ለኮራዶ ከምሰጣት ለአሳማ እሰጣታለሁ ነው ያለው።"

"ለምንም ይሁን" አለች። "እምቢ ብሏል።"

ቀለበቱን አወለቀች። አጥንትና ጮማ የተከመረበት ሳህን ውስጥ ጣለችው። ኮራዶ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሽታው እንደገና ገባበትና ዘጋው። ሰዎቹን ጠርቶ ወጣ።

አገረ ገዢው ብድግ አለ። "ጥሎሹና ውሉ ፈርሷል። እናትና ልጅ በሐሰት ክስና በሐሰት ምስክርነት ይያዙ። ካህኑ... ካህኑ የጳጳሱ ነው።"

"ሴትዮዋስ?" አለ ቪታሌ።

"የቷ ሴትዮ?"

"ነገ ጠዋት የሚሰቅሏት።"

"አዎ፣ አዎ። ትፈታ።"

የጳጳሱ ሰዎች ሳይመሽ መጡ። ዶን አሌሪኮን በበቅሎ ላይ አስቀመጡት። አላሰሩትም። አንደኛው ልጓሙን ያዘለት። ካህኑ ለምዱን እንደገና ክንዱ ላይ አጣጥፎ፣ የተነጨውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አድርጎ ሄደ። ኖፍሪ እስኪሰወር ድረስ አየው።

"ምን ያደርጉታል?"

"ውሃና ዳቦ ብቻ ይፈርዱበታል። አንድ ገዳም ውስጥ።"

"ዳቦ" አለ ኖፍሪ፤ ተፋ። "ገንፎውን ከበላ በኋላ የቱ ዳቦ ሊቀጣው ነው!"

ቪታሌ ኮምጣጤና አመድ አስመጣ። እጁን በኮምጣጤ ታጠበ፤ በአመድ ታጠበ፤ ደግሞ በኮምጣጤ። ሽታው ከጥፍሩ ሥር አልወጣም።

የእስር ቤቱን በር ራሱ ከፈተ። ወጌሻ አስመጥቶ የቱቻን ትከሻዎች አስጠግኗል። ክንዶቿ በጨርቅ ደረቷ ላይ ታስረዋል። ወጌሻው ከእንግዲህ ከባድ ድስት እንደማታነሳ ነግሯታል። ደረጃውን በኖፍሪ ተደግፋ ወጣች። ብርሃኑ ዓይኗን ወጋት።

ከበሩ ውጪ የግንቡ መጋቢ ቆሟል። ከዳኛው ፊት ኮፍያውን አወለቀና ወደ ቱቻ ዞረ።

"ቱቻ፣ እንኳን ተፈታሽ። ማዶና ጂስላ ዋስ ጠርተው ቤታቸው እንዲጠበቁ ተፈቅዶላቸዋል። የጌታው ቀብር ነገ ነው። የተዝካሩ እራት ደግሞ... እንግዳ ይበዛል፤ ወጥ ቤቱን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። 'ያለፈው አልፏል፣ ትምጣ' ብለዋል።"

ኖፍሪ ሊሰድበው አፉን ከፈተ። ቪታሌ ክንዱን ያዘው።

ቱቻ መጋቢውን አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ግንቡን አየች።

"ለማዶና ንገርልኝ" አለች። "ራሷ ትሥራው። ጨዉን ታውቃለች፣ ኮምጣጤውን ታውቃለች፣ የጥብስ ቅጠሉን ታውቃለች። አራት ቀን ሙሉ ሬሳ ያጣፈጠች ሴት ለአንድ እራት እኔን ምን አስፈለጋት?"